ጋሪ ነጂውን ለዓለም ያሳየው ሰው፦ ኡስማን ሴምቤን

የሱብሂ አዛን ይሰማል። በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር ዳርቻ፣ ከአንዲት የድሃ ቤት ደጃፍ ላይ አንድ ሰው ሶላቱን ሰግዶ፣ የዕለት ሪዝቁን እንዲሰጠው አላህን ለምኖ ይነሳል። ፈረሱን ከጋሪው ጋር ጠምዶ ወደ ከተማ ይወጣል። «ቦሮም ሳሬት» የተሰኘው አጭር ፊልም የሚጀምረው እንዲህ ነው። በወሎፍ ቋንቋ «ባለ ጋሪው» ማለት ነው። ርዝመቱ ሃያ ደቂቃ ገደማ ብቻ ቢሆንም፣ የአፍሪካ ፊልም ታሪክ ሲወሳ ሁሉም መነሻ የሚያደርገው ይህንኑ ሥራ ነው።

የአፍሪካ ፊልም አባት ተብሎ የሚጠራው ኡስማን ሴምቤን የሠራው ፊልም ነው። በዛሬው የታሪክ ገጻችን የዚህን ሰው ሕይወት እናነሳለን። ከሁሉም ሐሳቡ ጋር አንስማማም፤ የማንስማማበትንም ሳንደብቅ እንናገራለን። ይሁን እንጂ ታሪካችሁን ሌላ ሰው እየተናገረላችሁ እስከ መቼ ትኖራላችሁ የሚለው ጥያቄው እኛንም ይመለከተናል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዓሣ አስጋሪው ልጅ

ሴምቤን በ1923 በደቡባዊ ሴኔጋል፣ በካዛማንስ ግዛት፣ ዚጊንሾር በተባለች ከተማ ተወለደ። አገሪቱ ያኔ በፈረንሳይ ቅኝ አገዛዝ ሥር ነበረች። አባቱ ዓሣ አስጋሪ ነበሩ። እንደ አካባቢው ሙስሊም ልጆች ሁሉ ቁርኣን ቤት ገብቶ ቀርቷል፤ የፈረንሳዮቹንም ትምህርት ቤት ጀምሮ ነበር። ነገር ግን በ1936 ከትምህርት ቤቱ ኃላፊ ጋር ተጣልቶ ተባረረ። መደበኛ ትምህርቱም በዚያው አበቃ።

የአባቱን ሙያ ሞከረ፤ ባሕሩ ግን አልተስማማውም፤ ጀልባ ላይ ሲወጣ ያመው ነበር። በ1938 ወደ ዳካር ሄደና ግንበኝነትንም መካኒክነትንም እየሞከረ ኑሮውን ገፋ። በ1944 ለፈረንሳይ ጦር ተመልምሎ ወታደር ሆነ። ከጦርነቱ ሲመለስ የጠበቀው ያው የቅኝ ተገዢነት ኑሮ ነበር። በ1947 የዳካር–ኒጀር ባቡር ሠራተኞች ታላቁን የሥራ ማቆም አድማ አነሱ። ከዓመታት በኋላ ሴምቤን በዚህ አድማ ላይ ትልቅ ልብ ወለድ ይጽፍበታል። በዚያው ዓመት ግን በመርከብ ተደብቆ ወደ ፈረንሳይ ተሻገረ።

ፓሪስ ውስጥ በሲትሮየን መኪና ፋብሪካ ጥቂት ሠራ። ከዚያም ወደ ማርሴይ ወርዶ በወደቡ ላይ ጫኝና አውራጅ ሆነ። ለዓመታት ኑሮው ይኸው ነበር፤ ጆንያ ተሸክሞ መውጣት፣ ጆንያ ተሸክሞ መውረድ። በሠራተኛ ማኅበር ተደራጀ፤ በኮሚኒስት ፓርቲም አባል ሆነ። አንድ ቀን ዕቃ ሲያወርድ የጀርባ አጥንቱ ተሰበረ። ለብዙ ወራት ሥራ መሥራት አልቻለም።

ያ ጉዳት ሕይወቱን ቀየረው። ተኝቶ ሲያገግም መጻሕፍት ማንበብ ጀመረ። ሲያነብ ግን አንድ ነገር ጎደለው። ስለ አፍሪካ የተጻፈው አብዛኛው ነገር አፍሪካዊ ባልሆነ ሰው የተጻፈ ነው፤ እንደ እርሱ ያለ ጫኝና አውራጅማ በየትኛውም ገጽ የለም። ስለዚህ ራሱ ብዕር አነሳ። «ጥቁሩ የወደብ ሠራተኛ» የተሰኘው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ በ1956 ታተመ። በባቡር ሠራተኞቹ አድማ ላይ ያተኮረው ታላቁ ሥራው ደግሞ በ1960 ወጣ።

ከመጽሐፍ ወደ ካሜራ

በዚያው በ1960 ሴኔጋል ነፃ ወጣች። ሴምቤን ወደ አህጉሩ ተመልሶ የተለያዩ አገሮችን ዞረ። በዚህ ጉዞው አንድ መራራ እውነት ገባው። መጽሐፎቹ በፈረንሳይኛ ተጽፈዋል፤ የጻፈላቸው ሰዎች ግን ፈረንሳይኛ አያነቡም። ባቡር ሠራተኛው፣ ገበሬው፣ ገበያ የምትቸረችረው እናት መጽሐፉን ቢያገኙት እንኳ ሊገልጡት አይችሉም። ጽሑፉን የሚያደንቁት ፓሪስና ዳካር ያሉ ጥቂት የተማሩ ሰዎች ናቸው። ፊልም ግን ማንበብ ለማይችል ሰውም ይናገራል።

ዕድሜው ወደ አርባ እየተጠጋ ነበር። ብዙዎች በዚህ ዕድሜ አዲስ ሙያ መጀመር ያፍራሉ። እርሱ ግን በ1962 ወደ ሞስኮ ሄዶ በጎርኪ ስቱዲዮ፣ በታዋቂው አዘጋጅ ማርክ ዶንስኮይ ሥር እንደ ማንኛውም ጀማሪ ተማሪ ተቀመጠ። አንድ ዓመት ያህል ተምሮ ወደ ዳካር ተመለሰ።

የዚህን እርምጃ ክብደት ለመረዳት ከዚያ በፊት የነበረውን ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1934 የወጣው የፈረንሳይ ሕግ በቅኝ ግዛቶቹ ውስጥ ያለ ባለሥልጣናቱ ፈቃድ ፊልም መቅረጽን ይከለክል ነበር። ፓውሊን ቪዬራና ጓደኞቹ በ1955 ስለ አፍሪካውያን የሠሩትን አጭር ፊልም የቀረጹት በአፍሪካ ምድር ሳይሆን በፓሪስ ጎዳናዎች ላይ ነበር። አፍሪካዊ በገዛ አገሩ የገዛ ወገኑን ፊት እንዳይቀርጽ ተከልክሎ ኖሯል።

የባለ ጋሪው አንድ ቀን

«ቦሮም ሳሬት» በ1963 ተሠራ። ገንዘቡ ትንሽ፣ ተዋንያኑም ሙያተኞች ያልሆኑ ሰዎች ነበሩ። ድምፁ የተጨመረው ከቀረጻው በኋላ ነው። ታሪኩ አንድ ቀን ብቻ ነው የሚወስደው።

ጋሪ ነጂው ከሶላቱ በኋላ ሥራውን ይጀምራል። የጠዋት ደንበኞቹ እንደ እርሱ ድሆች ናቸው፤ ገሚሶቹ ተሳፍረው ሳይከፍሉ ይወርዳሉ። ጡብ ይጭናል፤ ምጥ የያዛትን ሴት ወደ ማዋለጃ ያደርሳል። ለማኝ እጁን ሲዘረጋ እንዳላየ ያልፈዋል። ወዲያው ደግሞ ዘር ቆጥሮ የሚያወድስ አዝማሪ ይመጣና የአያቶቹን ጀግንነት ያነሳሳለታል። ጋሪ ነጂውም ልቡ ይሞላና ጠዋት ያገኘውን ገንዘብ ሁሉ ይሰጠዋል። ቤቱ ግን ልጁና ሚስቱ ምግብ ይጠብቃሉ።

ቀጥሎ የሚመጣው ከፊልሙ ሁሉ ከባዱ ነው። አንድ አባት የሕፃን ልጁን ጀናዛ በእቅፉ ይዞ ወደ መቃብር እንዲያደርሰው ይለምነዋል። ሲደርሱ ግን ሰውየው የአካባቢው ተወላጅ ስላልሆነና ወረቀቱ ስላልተሟላ በሩ ላይ ይመለሳል። ሕፃን ልጁን ለመቅበር እንኳ ወረቀት ይጠየቃል። ጋሪ ነጂው ጀናዛውን መሬት ላይ አስቀምጦለት መንገዱን ይቀጥላል። ሴምቤን እዚህ ላይ ድሃውን መልአክ አላደረገውም። ድሃም በድሃ ላይ ልቡ እንደሚደነድን በግልጽ ያሳየናል።

በመጨረሻ ሱፍ የለበሰ ሰው ይመጣና ፕላቶ ወደሚባለው የሀብታሞች ሰፈር እንዲያደርሰው ያግባባዋል። ያ ሰፈር ለጋሪ የተከለከለ ነው። ፖሊስ ያስቆመዋል። ወረቀቱን ሲፈልግ የጦር ሜዳ ሜዳሊያው ይወድቃል፤ ፖሊሱ በጫማው ይቆምበታል። ጋሪው ይወረሳል። ተሳፋሪው ሳይከፍል ይሰወራል። ሰውየው ፈረሱን እየሳበ ባዶ እጁን ቤቱ ይገባል። ሚስቱ ልጁን ታስታቅፈውና ማታ እንደሚበሉ ነግራው ትወጣለች። ወዴት እንደሄደች ፊልሙ አይናገርም፤ ተመልካቹን ከዚያ ጥያቄ ጋር ትቶት ያበቃል።

አገሪቱ ነፃ ከወጣች ገና ሦስት ዓመቷ ነበር። ሰንደቅ ዓላማው ተቀይሯል፤ ለጋሪ ነጂው ግን ምን ተቀየረ? ሴምቤን ይህን ጥያቄ ያለ አንዳች ንግግር፣ በአንድ ሰው የአንድ ቀን ውሎ አሳየው።

ፌስቲቫሉ ለምን አስፈለገ?

ፊልሙ በዚያው በ1963 በፈረንሳይ ቱር ከተማ በተካሄደው የአጫጭር ፊልሞች ፌስቲቫል ተሸለመ። ሴምቤን የራሱን የፊልም ድርጅት አቋቁሞ በሚቀጥለው ዓመት «ኒያዬ» የተሰኘ ሌላ አጭር ፊልም ሠራ። በ1966 ደግሞ ፈረንሳውያን ቀጣሪዎቿ ይዘዋት ስለሄዱ፣ እዚያም ተዘግቶባት ክብሯን ስለተነጠቀች ሴኔጋላዊት የቤት ሠራተኛ የሚተርከውን ፊልም አወጣ። ይህ ሥራ ፈረንሳይ ውስጥ የዣን ቪጎን ሽልማት፣ በቱኒዚያ በተጀመረው የካርቴጅ ፌስቲቫል ደግሞ ታላቁን የወርቅ ታኒት አገኘ። ልጆቻቸውን ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገር የላኩ ቤተሰቦቻችን ይህን ፊልም ቢያዩት ትርጉም የሚያስፈልጋቸው አይመስለንም።

ሽልማቱ ብቻውን ግን አልበቃም። በዚያ ዘመን በፈረንሳይኛ ተናጋሪ የአፍሪካ አገሮች ያሉት ሲኒማ ቤቶች በሁለት የፈረንሳይ ኩባንያዎች እጅ ነበሩ። አዳራሾቹን የሚሞሉት ከውጭ የመጡ ፊልሞች ነበሩ። የአፍሪካ ፊልም በአውሮፓ ተሸልሞ በአገሩ የሚታይበት ቦታ ያጣ ነበር። ስለዚህ ሴምቤንና ባልደረቦቹ የራሳቸውን መድረክ መፍጠር ነበረባቸው። በ1969 በኡጋዱጉ የተጀመረውና ዛሬ ፌስፓኮ ተብሎ የሚታወቀው ፌስቲቫል ሲመሠረት ከፊት ከቆሙት አንዱ እርሱ ነበር። ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ2009፣ የኛው አገር ልጅ ኃይሌ ገሪማ በ«ጤዛ» ፊልሙ ታላቁን ሽልማት የወሰደው በዚሁ መድረክ ላይ ነው።

ሴምቤን በፌስቲቫል አዳራሽ ብቻ አልተወሰነም። ፊልሞቹን ይዞ ወደ ገጠር እየወረደ ያሳይ ነበር፤ ከዚያም ከሕዝቡ ጋር ተቀምጦ ይወያያል። ፊልምን እንደ ማታ ትምህርት ቤት ነበር የሚያየው።

የሐዋላው ወረቀት

በ1968 ያወጣው «ማንዳቢ» በወሎፍ ቋንቋ የሚነገር ነበርና የዳካር ሕዝብ በገዛ ቋንቋው ፊልም አየ። ታሪኩ ኢብራሂማ ስለሚባል ሥራ የሌለው፣ ሁለት ሚስትና ብዙ ልጆች ያሉት ሙስሊም ነው። ፓሪስ ያለ የእህቱ ልጅ 25,000 ፍራንክ በሐዋላ ይልክለታል። ገንዘቡ ገና ሳይወጣ ጎረቤትና ባለ ዕዳ ደጁን ያጣብባል። ገንዘቡን ለመውሰድ መታወቂያ ይጠየቃል፤ ለመታወቂያው የልደት ማስረጃ፣ ለማስረጃው ደግሞ ሌላ ወረቀት። ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት የተማረው ዘመዱ ገንዘቡን ይበላበታል። ፊልሙ በቬኒስ ፌስቲቫል ተሸለመ። ከባሕር ማዶ የተላከ ገንዘብ እየጠበቀ የኖረ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ሁሉ ይህን ታሪክ ያውቀዋል።

የምንለያይበት

ሴምቤን በአስተሳሰቡ ማርክሳዊ ነበር። በ1977 የሠራው «ቼዶ» እስልምና ወደ አካባቢው ሲገባ የነበረውን ግጭት ሲያሳይ ኢማሙን ሥልጣን ፈላጊ አድርጎ ሥሏል። የሴኔጋል መንግሥት ፊልሙን ለዓመታት አገደው፤ በይፋ የተሰጠው ምክንያት የርዕሱ ፊደል አጻጻፍ ነበር። በእኛ እይታ ፊልሙ ለእስልምና የምዕራብ አፍሪካ ታሪክ ፍትሐዊ አይደለም። በዚያ ምድር ዲኑን ያስፋፉት በአብዛኛው ነጋዴዎችና ዑለሞች ናቸው፤ ለሰዎች ያመጡትም ዕውቀትና ክብር ነው። ቢሆንም መልሱ ማገድ አልነበረም። ታሪካችን ተዛብቷል ካልን፣ የሚስተካከለው ራሳችን ስንሠራው ነው።

ደግሞ ይኸው ሰው በ81 ዓመቱ፣ በ2004፣ «ሙላዴ»ን ሠራ። ከግርዛት ሸሽተው የመጡ ትንንሽ ልጃገረዶችን በቤቷ ስላስጠለለች አንዲት የመንደር እናት ይተርካል። የመንደሩ ወንዶች ልማዱን በሃይማኖት ስም ይከላከላሉ፤ የሴቶቹን ራዲዮ ሰብስበው ያቃጥላሉ። በመጨረሻ ሴቶቹ ተነስተው ታላቁ ኢማም በራዲዮ የተናገሩትን፣ ይህ ነገር በእስልምና ግዴታ እንዳልሆነ፣ ፊት ለፊት ይነግሯቸዋል። ፊልሙ በካን ፌስቲቫል ተሸለመ። በሀገራችን ብዙ አካባቢዎች ይህ ልማድ ዛሬም እህቶቻችንን እየጎዳ ነውና፣ የሽማግሌው የመጨረሻ ፊልም ለእኛም ይናገራል። ዲንን ከልማድ መለየት ስንፍና የሚፈቀድበት ጉዳይ አይደለም።

ፍጻሜው

ኡስማን ሴምቤን ሰኔ 9 ቀን 2007 በ84 ዓመቱ በዳካር መኖሪያ ቤቱ አረፈ። በቁርኣን አንቀጾች ባጌጠ ከፈን ተገንዞ ተቀበረ። በልቡ የነበረውን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነውና ፍርዱን ለባለቤቱ እንተዋለን።

እኛ ግን ከተወልን ሥራ ትምህርት እንወስዳለን። ዛሬ አንድ ወጣት በኪሱ የያዘው ስልክ ሴምቤን በ1963 ካገኘው ካሜራ ብዙ ነገር ይበልጣል። የሚከለክለው የቅኝ ገዢ ሕግም የለም። በየሰፈራችን ከሱብሂ በኋላ ጋሪውን የሚያወጣ፣ ጀበናዋን የምትጥድ፣ ሐዋላ የሚጠብቅ፣ ወረቀት ጎድሎት ከቢሮ ቢሮ የሚንከራተት ሰው አለ። ታሪኩን የሚቀርጽለት ሰው ከመካከላችን ካልወጣ፣ ሌላ ሰው እንደፈለገው ይቀርጸዋል፤ ያኔ ተዛባብን ብለን መጮህ ብቻ ይቀረናል። የፊልም ፍላጎት ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ትልቅ ገንዘብና ትልቅ ስቱዲዮ እስኪመጣ አትጠብቁ። የአንድ ሰው የአንድ ቀን ውሎ፣ ሃያ ደቂቃ፣ በታማኝነት ከተቀረጸ ይበቃል።