የሴባስቶፖል ጉዞ

በመተማ ዮሐንስ ቆላ መንገድ ሥራ ላይ የዋለ መሐንዲስ የጊዜ ሰሌዳውን የሚያጸድቅለት ክረምቱ መሆኑን ቶሎ ይረዳል። ጥቁሩ አፈር ውሃ ከጠጣ መኪናውም ሠራተኛውም ባለበት ይቀራል። ከዚሁ በስተደቡብ በሚገኘው በቋራ በ1811 ዓ.ም. ገደማ የተወለዱት ዐፄ ቴዎድሮስም የሀገሩን ወቅት ከልጅነታቸው ያውቁት ነበር። የመድፍን ኃይል ያወቁት ግን በ1840 ዓ.ም. ሲሆን፣ ይኸውም በሱዳን ጠረፍ ደባርቂ ላይ የግብፅ ሠራዊት ባሸነፋቸው ጊዜ ነው።

በ1847 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የውጭ አገር ባለ እጆችን አሰባስበው መድፍ አስቀለጡ። ከሁሉ ታላቁ ሴባስቶፖል 7 ቶን ያህል ይመዝናል። ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ጭነት ይዘው በመስከረም 1860 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። የሚሄዱበት መንገድ አልነበረምና መንገዱ ከጉዞው ጋር አብሮ ተሠራ። ድንጋይ እየፈነቀሉ፣ የጅዳን ገደል እየቆረጡ፣ ራሳቸውም በእጃቸው እየሠሩ ተጓዙ።

በዚሁ ወራት የእንግሊዝ ጦር በዙላ ወደብ ይወርድ ጀመር። አዛዡ ናፒየር እርሱም በሙያው መሐንዲስ ነበር። 13,000 ያህል ወታደር፣ 44 ዝሆን፣ በባሕሩ ዳር የሚዘረጋ የባቡር ሐዲድ አስከትሎ ከቀጣዩ ክረምት በፊት ጨርሶ ለመመለስ አሰበ። ስለዚህ ሁለቱም አንድ የጊዜ ገደብ ነበራቸው።

ቴዎድሮስ አምስት ወር ተኩል ያህል ፈጅተው በመጋቢት ቀድመው ደረሱ። በኔ ግምት ስሌታቸው ስለ ድንጋዩና ስለ ክብደቱ ትክክል ነበር፤ የጎደለው የሰው ኃይሉ ሒሳብ ነው። ሠራዊቱ በየሰፈሩ እየከዳ ይሳሳ፣ ገበሬውም ስንቅ ይነፍግ ነበር። በጉልበት ብዛት የተተመነ ሥራ ጉልበቱ ሲቀንስ ቀኑ እንዲረዝም የታወቀ ነው፤ እርሳቸው ግን ቀኑን ሳይለቁ የቀሩትን ሰዎች አብዝተው አደከሙ። መድፉ ደረሰ፣ የሚዋጋው ሠራዊት ግን ሳስቶ ነበር።

ናፒየርም ወደ ጅዳ ሲደርስ የተጠረገ መንገድ ተዘጋጅቶ ቆየው፤ በዚያው ወርዶ፣ በዚያው ወጣ። ሚያዝያ 3 ቀን አሮጌ ላይ ድል አደረገ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሠዉ። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ ይገኛል።