ፊደላትን የቆጠረው ፈላስፋ አል-ኪንዲ

ከሪያድ ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ በበረሃው ጫፍ የቀርየት አል-ፋው ፍርስራሽ ይገኛል። የንጉሥ ሳዑድ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ለዓመታት የቆፈሩትና እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ ሥፍራ ከእስልምና በፊት የኪንዳ ነገድ መናገሻ ነበር። የዐረቦች ፈላስፋ የሚባለው አቡ ዩሱፍ ያዕቆብ ኢብን ኢስሐቅ አል-ኪንዲ መጠሪያውን ያገኘው ከዚሁ ነገድ ነው።

አል-ኪንዲ በ801 አካባቢ አባቱ ገዥ በነበረባት በኩፋ ተወለደ። በባግዳድ ተምሮ በኸሊፋ አል-መእሙንና በአል-ሙዕተሲም ዘመን ከፍ ያለ ክብር አገኘ፤ የአል-ሙዕተሲም ልጅ አስተማሪም ሆነ። የግሪክ መጻሕፍትን ወደ ዐረብኛ የሚመልሱ ሊቃውንትን ሥራ ይመራና ያርም ነበር። በፍልስፍና፣ በሕክምና፣ በሙዚቃና በሒሳብ የጻፋቸው ድርሰቶች ከ200 ይበልጣሉ።

ከእነዚህ አንዱ ስውር ጽሑፎችን ስለ መፍታት የተጻፈች አጭር መልእክት ናት። ዘዴው እንዲህ ነው፦ ምስጢሩ በተጻፈበት ቋንቋ የተዘጋጀ ረዘም ያለ ግልጽ ጽሑፍ ተወስዶ እያንዳንዱ ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ይቆጠራል፤ በስውሩ ጽሑፍ ያሉት ምልክቶችም እንዲሁ ተቆጥረው በብዛታቸው ቅደም ተከተል ከፊደላቱ ጋር ይነጻጸራሉ። አል-ኪንዲ ራሱ 3,667 ፊደላትን ቆጥሮ አሊፍን 600 ጊዜ፣ ላምን 437 ጊዜ አግኝቷል። ጽሑፉ አጭር ከሆነ ቆጠራው እንደማይታመንም አስጠንቅቋል። የተገኘው ግምት ደግሞ ቃላት በሚሠሩ የፊደላት ጥምረቶችና በተለመዱ የመልእክት መክፈቻዎች ይፈተናል።

ዛሬ የስታቲስቲክስ ንድፈ ሐሳብ ናሙና አወሳሰድ፣ ግምትና መላምትን መፈተን ብሎ የሚለያቸው ዘርፎች በዚህች መልእክት ውስጥ በጥንስሳቸው ይታያሉ። ይሁንና የዘርፉ ሁሉ መሥራች ማድረጉ ማጋነን ይሆናል። ግምቱ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል የሚለካው የዕድል ሒሳብ መልክ መያዝ የጀመረው በ17ኛው ክፍለ ዘመን በፓስካልና በፌርማ ነው። የናሙናው ማስጠንቀቂያ ግን ዛሬም ይሠራል፤ ዐረብኛ 28 ፊደላት ሲኖሩት የአማርኛ ሆሄያት ከ200 ስለሚበልጡ፣ ዘዴውን በአማርኛ የሚሞክር ሰው እጅግ የረዘመ ጽሑፍ ያስፈልገዋል።

በኸሊፋ አል-ሙተወኪል ዘመን ግን ክብሩ ተገፈፈ። ኢብን አቢ ኡሰይቢዓ እንደ መዘገበው፣ የሙሳ ልጆች የሚባሉት ምሁራን ከኸሊፋው ጋር ስላጣሉት አል-ኪንዲ ተገረፈ፤ ቤተ መጻሕፍቱም ተወርሶ በእነርሱ እጅ ገባ። መጻሕፍቱን ያስመለሰው የቦይ ስሕተት ነበር። ወንድማማቾቹ የቦይ ቁፋሮውን ለአል-ፈርጋኒ ሰጥተው የቦዩ አፍ ከሌላው ክፍል ይበልጥ ስለ ጠለቀ፣ የወንዙ ውኃ ሲቀንስ ቦዩ እንደሚደርቅ ታወቀ። ኸሊፋው ነገሩን እንዲያጣራ የላከው መሐንዲስ ሰነድ ኢብን ዐሊ፣ የአል-ኪንዲ መጻሕፍት ሳይመለሱ እንደማይረዳቸው ነገራቸው። መለሱ። ሰነድም ወንዙ ሞልቶ ሳለ ቦዩ ደኅና ነው ብሎ መሰከረ፤ ውኃው ሳይጎድል በ861 ኸሊፋው ተገደለ።

አል-ኪንዲ በ873 አካባቢ በባግዳድ አረፈ። የምስጢር ጽሑፍ መልእክቱ ለዘመናት ተረስቶ ቆይቶ በኢስታንቡል የሱለይማንያ ቤተ መጻሕፍት ተገኘ፤ በ1987 በደማስቆ በዐረብኛ ታተመ። የእንግሊዝኛው ትርጉም በ2003 የወጣው ከሪያድ ነው፤ አሳታሚዎቹም የንጉሥ ፈይሰል የምርምርና የእስልምና ጥናቶች ማዕከልና የንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ከተማ ናቸው።