የሁለት አገር ማልያ የለበሰው ሉዊስ ሞንቲ

በሁለት የዓለም ዋንጫ የፍጻሜ ግጥሚያዎች ለሁለት የተለያዩ አገሮች በመሰለፍ በታሪክ ብቸኛው ተጫዋች ሉዊስ ሞንቲ ነው። ይህ ታሪክ የአንድን ስፖርተኛ ችሎታ ብቻ ሳይሆን መንግሥታት ዜግነትን ለምን ጉዳይ እንዳዋሉትም ያሳያል።

ሞንቲ እ.ኤ.አ. በ1901 በቦነስ አይረስ ከተማ፣ የዘር ሐረጉ ከኢጣሊያ ከሚመዘዝ ቤተሰብ ተወለደ። በሳን ሎሬንሶ ክለብ የ1923፣ የ1924ና የ1927 የአርጀንቲና ሻምፒዮንነትን አገኘ። በ1928ም በአምስተርዳም ኦሊምፒክ ከብሔራዊ ቡድኑ ጋር የብር ሜዳልያ ተሸለመ።

በዚያን ዘመን አንድ ቡድን የሚሰለፈው በሁለት ተከላካዮች፣ በሦስት አማካዮችና በአምስት አጥቂዎች ነበር። ከሦስቱ የመሐለኛው የቡድኑ ምሰሶ ነው። ባላጋራ ሲያጠቃ ወደ ኋላ ተመልሶ ይከላከላል፤ ኳስ በእጁ ስትገባም የማጥቃቱን እንቅስቃሴ ይጀምራል። ሞንቲ የተካነው በዚህ ሥፍራ ሲሆን፣ ጉልበተኛነቱና ኃይለኛ አጨዋወቱ በባላጋራዎቹ ዘንድ እንዲፈራ አድርጎታል።

በ1930 በኡራጓይ በተካሄደው የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ ፈረንሳይን ያሸነፈችውን የአርጀንቲናን ብቸኛ ግብ ያስቆጠረው እርሱ ነበር። ይሁን እንጂ ከፍጻሜው ግጥሚያ በፊት የግድያ ዛቻ እንደ ደረሰው በስፋት ተነግሯል። በዕለቱም ሞንቲ እንደ ወትሮው ሊጫወት አልቻለም። አርጀንቲና በመጀመሪያው አጋማሽ 2 ለ 1 ስትመራ ቆይታ 4 ለ 2 ተሸነፈች፤ ብርቱ ወቀሳም በእርሱ ላይ ወረደ።

በ1931 የኢጣሊያው ጁቬንቱስ ወሰደው። ከክለቡም ጋር ከ1932 እስከ 1935 አራት ተከታታይ ሻምፒዮንነቶችን ተቀዳጀ። የኢጣሊያ ሕግ የስደተኛን ልጅ በዘር ሐረጉ እንደ ዜጋ ስለሚቆጥር፣ አሠልጣኙ ቪቶሪዮ ፖዞ ለብሔራዊ ቡድን አሰለፈው። በ1934 ሮም ላይ ኢጣሊያ በተጨማሪ ሰዓት ቼኮዝሎቫኪያን 2 ለ 1 አሸንፋ ዋንጫውን ስትወስድ ሞንቲ የመሐል ምሰሶዋ ነበር።

የሥፍራው ክብደት ይበልጥ የታወቀው እርሱ ከሜዳ በወጣ ጊዜ ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር በለንደን ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ግጥሚያ ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የእግሩ አጥንት ተሰበረ። ተቀያሪ ማስገባት አይፈቀድም ነበርና ኢጣሊያ በአሥር ሰዎች ቀረች። በ12 ደቂቃ ውስጥ ሦስት ግቦች ገቡባት፤ በሁለተኛው አጋማሽ ሁለቱን ብትመልስም ግጥሚያው 3 ለ 2 ተፈጸመ።

በዘር ሐረግ የተሰጠው ዜግነት ግን ማልያ ብቻ አልነበረም፤ የወታደርነት ግዴታንም ያስከትላል። በ1935 የፋሺስት መንግሥት ኢትዮጵያን ለመውረር በተዘጋጀበት ወቅት፣ ከሞንቲ ጋር ዋንጫውን ያነሣው የአርጀንቲና ተወላጅ ኤንሪኬ ጓይታ ለጦርነቱ እንዳይመለመል ፈርቶ ከኢጣሊያ ሸሸ። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ እንደ ኢጣሊያ ልጅ የተጨበጨበለት ሰው በከዳተኛነት ተወገዘ። ሞንቲ በጁቬንቱስ ቀረ።

ሞንቲ ከተጫዋችነት በኋላ አሠልጣኝ ሆነ፤ በ1983ም በትውልድ አገሩ ዐረፈ። የዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን በ1960ዎቹ ተጫዋቾች ብሔራዊ ቡድን እንዳይለውጡ ከለከለ፤ በኋላ ደንቡን በተወሰነ ደረጃ ቢያላላም፣ በአንድ አገር ማልያ በዓለም ዋንጫ የተጫወተ ሰው ዛሬ ወደ ሌላ አገር ቡድን ሊዛወር አይችልም። ስለዚህ ሞንቲ ያለፈበት መንገድ ከእርሱ በኋላ ተዘግቷል።