አል-ኸዋሪዝሚ፦ ሒሳብን ከውርስ ክፍፍል ጋር ያስተማረው ሊቅ

ልጆቻችን ትምህርት ቤት ውስጥ አልጀብራ የሚባለውን ትምህርት ሲጀምሩ፣ ቃሉ ዐረብኛ መሆኑን፣ የመጣውም ከአንድ ሙስሊም ሊቅ ኪታብ ርዕስ መሆኑን የሚነግራቸው ብዙም የለም። እኛም ስለዚህ ሊቅ ስናወራ ብዙ ጊዜ ለኮምፒውተር መሠረት ጣለ ብለን አሞግሰን እናልፋለን። ዛሬ ግን በሌላ በኩል ልናነሳው ወደድን፤ በአስተማሪነቱ።

ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ780 ገደማ ነው። ስሙ እንደሚጠቁመው መነሻው ኸዋሪዝም ነው፤ ከአራል ባሕር በስተደቡብ ያለ፣ ዛሬ በኡዝቤኪስታንና በቱርክሜኒስታን ሥር የሚገኝ ምድር። የሠራውና ስም ያተረፈው ግን ባግዳድ ውስጥ፣ በዐባሲያው ኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን (ከ198 እስከ 218 ዓመተ ሂጅራ)፣ ከበይቱል ሒክማ ዑለማዎች ጋር ነበር። አል-መእሙንን ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ዑለማዎችን፣ በተለይም ኢማም አሕመድ ኢብን ሐንበልን፣ በመከራ በፈተነው ሚሕና ነው። ያ አይረሳም። ይኸው ኸሊፋ ግን ለዕውቀት ሰዎች በሩን የከፈተ ሰውም ነበር፤ አል-ኸዋሪዝሚም ስለ አል-ጀብርና አል-ሙቃበላ አጭርና ቀላል ኪታብ እንዲጽፍ ያበረታታው እሱ ነው።

አጭርና ቀላል የሚለው ላይ ቆም እንበል። ኪታቡ ሊቃውንት እርስ በርስ እንዲፎካከሩበት የተጻፈ አይደለም። ሰዎች ውርስ ሲከፋፈሉ፣ ኑዛዜ ሲፈጽሙ፣ ሲነግዱ፣ ሲካሰሱ፣ መሬት ሲለኩና ቦይ ሲቆፍሩ እንዲጠቅማቸው የተሰናዳ ነው። ከኪታቡ ግማሽ ያህሉ የያዘው የውርስና የኑዛዜ ጥያቄዎችን ነው! ዛሬ የምናውቃቸው ምልክቶችም የሉበትም። ቁጥሮቹ እንኳ የተጻፉት በቃላት ነው፤ የማይታወቀው ቁጥር ደግሞ «ሸይእ» ይባላል፣ ነገር ማለት ነው። «ጀብር» በዐረብኛ የተሰበረን መጠገን ነው፤ የእኛ ወጌሻ የሚሠራው ሥራ። ከአንድ ነገር ላይ 3 ተቀንሶ 7 ቢቀር፣ የጎደለውን 3 መልሰን ስንሞላ ነገሩ 10 ሆኖ ይገኛል። «ሙቃበላ» ደግሞ በሁለቱም ወገን ያለውን ተመሳሳይ ነገር ፊት ለፊት አቁሞ ማጣፋት ነው፤ ከሚዛን ሁለት ጎን እኩል ክብደት እንደማንሳት።

የማስተማር ችሎታው ከሁሉ በላይ የሚታየን በአንዱ ምሳሌው ላይ ነው። አንድ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ፣ የዚያው ቁጥር ዐሥር እጥፍ ሲጨመርበት 39 ይሆናል፤ ቁጥሩ ስንት ነው? አል-ኸዋሪዝሚ መጀመሪያ ደንቡን ይሰጣል፦ የ10ን ግማሽ 5 ያዝ፣ በራሱ አባዛው፣ 25፤ 39ን ጨምር፣ 64፤ የዚህ ሥር 8 ነው፤ 5 ቀንስ፣ መልሱ 3። ብዙ መምህር እዚህ ላይ ጠመኔውን ያስቀምጣል። እሱ ግን ሥዕል ይስላል። ጎኑ የማይታወቅ ካሬ ይሥላል፤ በሁለት ጎኖቹ ላይ ወርዳቸው 5 የሆነ ሁለት ሬክታንግሎችን ይለጥፋል። ሦስቱ አንድ ላይ 39 ናቸው። ጥግ ላይ ግን አንድ ቦታ ጎድሏል፤ 5 በ5 የሆነ ትንሽ ካሬ። እሱን ሲሞላው ሙሉ ካሬ ይሆናል፤ ስፋቱ 64፣ ጎኑ 8። ከ8ቱ 5ቱ የተለጠፈው ስለሆነ ለመጀመሪያው ካሬ የሚቀረው 3 ነው። 25 ለምን እንደተጨመረ አሁን በዓይን ይታያል።

አንደኛ ደረጃ ያስተማርን ሰዎች የዚህን ዋጋ እናውቃለን። የማባዛት ሠንጠረዡን እንደ ውሃ የሚጠጣ፣ ሲደምር አንድ በእጅ ይዤ የሚል፣ አንዱን ለምን እንደያዘ ሲጠየቅ ግን ዝም የሚል ልጅ በየክፍሉ አለ። ለዚህም መልስ ያለው በአል-ኸዋሪዝሚ ሌላ ኪታብ ውስጥ ነው። በሕንድ ቁጥሮች ስለ መቁጠር የጻፈው ይህ ሥራ እያንዳንዱ ቦታ እስከ ዘጠኝ ብቻ እንደሚይዝ፣ ዐሥር ሲሞላ አንድ ሆኖ ወደሚቀጥለው ቦታ እንደሚሻገር፣ ባዶ በሆነ ቦታም ትንሽ ክብ እንደሚቀመጥ ያስረዳል። ያቺ ክብ ዜሮ ናት። በግዕዝ ቁጥር ፪፻፫ ብለን ስንጽፍ ዜሮ አያስፈልገንም፤ 203 ስንል ግን ዜሮዋን ከተውናት 23 ሆኖ ቁጭ ይላል። ልጆች ይህን ማወዳደሪያ ሲያዩ ቶሎ ይገባቸዋል።

ወደ ውርስ እንመለስ። ምሳሌው የራሳችን ነው። አንድ አባት ሚስት፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ትቶ ወደ አኺራ ሄደ እንበል፤ ሌላ ወራሽ የለም፣ ዕዳና ኑዛዜም ተከፍሏል። ለሚስት አንድ ስምንተኛ፤ የቀረው ለወንዱ ሁለት እጅ፣ ለሴቷ አንድ እጅ። ንብረቱ 24 ቦታ ቢከፈል ለእናት 3፣ ለወንድ ልጅ 14፣ ለሴት ልጅ 7 ይደርሳል። ንብረቱ 240,000 ብር ከሆነ 30,000፣ 140,000 እና 70,000 ማለት ነው። ክፍልፋይ የተማረ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ይህን ይሠራዋል። ያልገባት እህት ግን የተሰጣትን ተቀብላ ትሄዳለች፤ ሐቋ መጉደል አለመጉደሉን የምታውቅበት መንገድ የላትም። አላህ ድርሻዎቹን በቁርኣን የወሰናቸው ደግሞ ለእያንዳንዱ ባለ ሐቅ እንዲደርሱ ነው።

አል-ኸዋሪዝሚ የኮከብ ሠንጠረዦችንም አዘጋጅቷል፤ የከተሞችን፣ የተራሮችንና የወንዞችን መገኛ በቁጥር የመዘገበ የጂኦግራፊ ኪታብም አለው። ያረፈው እ.ኤ.አ. በ850 ገደማ ነው።

ከሞቱ በኋላ ሥራዎቹ ወደ አውሮፓ ተሻገሩ። የቁጥሩ ኪታብ ዐረብኛ ቅጂ ጠፍቶ የቀረው በላቲን ነው፤ አልጎሪዝም የሚለው ቃልም የራሱ ስም በላቲን አፍ ተለውጦ የወጣ ነው። የአልጀብራውን ኪታብ ሮበርት የተባለው የቼስተር ሰው እ.ኤ.አ. በ1145 ስፔን ውስጥ ወደ ላቲን መለሰው። የውርሱን ክፍል ግን ተወው፤ ለእነሱ የሚያስፈልግ አልነበረም። ያ ግማሽ በዐረብኛው ኪታብ ውስጥ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1831 ለንደን ላይ ከነሙሉው ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመ።