ጆሴፍ ሊስተር፦ ቁስል እንዳያመረቅዝ የታገለው ሐኪም

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ቁስል ለምን እንደሚያመረቅዝ በነርሲንግ ክፍላችን ስንማር የጆሴፍ ሊስተር ስም ደጋግሞ ይነሳል። ታሪኩን ላካፍላችሁ ወደድኩ፤ ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሊስተር በ1827 እንግሊዝ አገር ተወለደ። አባቱ የወይን ጠጅ ነጋዴ ቢሆንም ማይክሮስኮፕን በማሻሻል የታወቀ ሰው ነበር። ልጁ ለንደን ሕክምና ተምሮ ወደ ኤዲንብራ ሄደ፤ እዚያም የአለቃውን የጄምስ ሳይምን ልጅ አግነስን አገባ። አግነስ በምርምሩ ትረዳው፣ ማስታወሻዎቹንም ትጽፍለት ነበር።

በግላስጎ ሆስፒታል ሲሠራ ማደንዘዣ ስለነበር ሰው ሕመም ሳይሰማው ይቀደድ ነበር። ከቢላዋው የተረፈው ግን በቁስሉ ይሞታል። ብዙዎች ጥፋተኛው መጥፎ አየር ነው ይሉ ነበር፤ ሐኪሞች ደም የደረቀበት ካፖርት ለብሰው ቀዶ ሕክምና ያደርጉ ነበር። ሊስተር ፓስተር ስለ ጀርሞች የጻፈውን ሲያነብ መግሉም ከጀርም እንደሚመጣ ጠረጠረ።

ነሐሴ 1865 ላይ ጋሪ እግሩን የሰበረው የ11 ዓመት ልጅ መጣ። ከስብራቱ አጠገብ ክፍት ቁስል ነበረው፤ እንዲህ ያለው እግር ብዙ ጊዜ ይቆረጥ ነበር። ሊስተር በካርቦሊክ አሲድ የተነከረ ጨርቅ አሰረለት። እግሩ ሳይቆረጥ ዳነ።

ሊስተር ሟቾቹንም ቆጠረ። ከአዲሱ ዘዴ በፊት እጅ ወይም እግር ከተቆረጠላቸው 35 ሰዎች 16ቱ ሞቱ፤ ከዚያ በኋላ ከ40ዎቹ የሞቱት 6 ነበሩ። ብዙ ሐኪሞች ግን ለዓመታት አላመኑትም።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ቀጣዩ ነው። አየሩን ለማጽዳት ካርቦሊክ ይረጭ ነበር፤ ዋናው አደጋ አየሩ ሳይሆን ቁስሉን የሚነካው እጅና መሣሪያ መሆኑን ሲረዳ በ1890 መርጨቱ እንደማያስፈልግ በይፋ ተናገረ። ስመ ጥር ከሆነ በኋላ ሐሳብን መለወጥ ቀላል አይደለም። በ1912 አረፈ።

ዛሬ ሌሎች ምክንያቶችንም እናውቃለን፦ ስኳር በሽታ፣ ሲጋራ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ ረጅም ሰዓት የፈጀ ቀዶ ሕክምና። ብዙዎቻችን ሆስፒታል ውስጥ ለእናትና ለአባታችን እናስተረጉማለን። ስለ ስኳርና ስለ ሲጋራ ሲጠየቁ በይሉኝታ አናሳጥረው። ቤት ከገቡ በኋላም ቁስሉ ከቀላ፣ ካበጠ፣ መግል ካወጣ ወይም ትኩሳት ከመጣ ሳንውል ሳናድር ለሐኪም እንንገር።