ጆን ስሚተንና ውሃ ያልፈታው ኖራ

በእንግሊዝ አገር ከፕሊመዝ ወደብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በባሕር ውስጥ ኤዲስተን የሚባል ቋጥኝ አለ። በዚህ ቋጥኝ ላይ እየተላተሙ ብዙ መርከቦች ከነሰዎቻቸው ሰጥመዋል። መርከበኞችን ለማስጠንቀቅ በ1698 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የተሠራውን የመጀመሪያውን የመብራት ግንብ በ1703 ብርቱ ዐውሎ ነፋስ ከነሠሪው ጠርጎ ወሰደው። አብዛኛው በእንጨት የተሠራው ሁለተኛውም በ1755 ተቃጠለ።

ሦስተኛውን እንዲሠራ የተመረጠው ጆን ስሚተን ነበር። ስሚተን በ1724 በሊድስ ከተማ አጠገብ ተወለደ። አባቱ የሕግ ሰው ስለ ነበር ልጁም ያንኑ ሞያ እንዲይዝ ወደ ለንደን ላከው፤ ልጁ ግን ሕጉን ትቶ የሳይንስ መሣሪያዎች ሠሪ ሆነ። በ1753ም የንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር አባል ለመሆን በቃ።

ስሚተን ግንቡን በድንጋይ ለመሥራት ቢቆርጥም አንድ ከባድ ችግር ገጠመው። ይኸውም ተራ ኖራ የሚጠነክረው በአየር ነው እንጂ ማዕበል ዘወትር በሚመታው ስፍራ አለመሆኑ ነው። ማያያዣው ከታጠበ ደግሞ ሦስተኛው ግንብ ከጠባቂዎቹ ጋር እንደ ፊተኛው መጥፋቱ ነው። ስለዚህ ከልዩ ልዩ ስፍራ ኖራ አስመጥቶ እያቦካ፥ እንደ ሎሚ እያድቦለቦለ በውሃ ውስጥ እየከተተ መረመረ።

ጠንካራ ኖራ ከጠንካራ ድንጋይ ይገኛል የሚለው እምነት ከጥንት ጀምሮ የተለመደ ነበር። ስሚተን ግን ድንጋዮቹን በአሲድ ቢያሟሟቸው፥ በውሃ ውስጥ የሚጠነክረውን ኖራ የሚሰጡት የሸክላ አፈር ዝቃጭ የሚተዉት መሆናቸውን አገኘ። ምስጢሩ በድንጋዩ ጥንካሬ ሳይሆን በውስጡ ባለው ሸክላ አፈር ነበር።

በመጨረሻም ከዌልስ የመጣውን እንዲህ ያለ ኖራ፥ ፖዞላና ከሚባለው ከኢጣሊያ የእሳተ ገሞራ አመድ ጋር እኩል ለእኩል ደባለቀ። በአመዱ ውስጥ ያለው ሲሊካ ከኖራው ጋር ሲዋሐድ ውሃ የማይፈታው ማያያዣ ይሆናል። በዚህ የተያያዘው ግንብ በኦክቶበር 16 ቀን 1759 መብራቱ በራ።

ስሚተን በ1792 ሞተ። ግንቡ ግን ከ120 ዓመት በላይ አገለገለ። በ1882 አዲስ ግንብ የተተካበትም ምክንያት ከሥሩ ያለው ቋጥኝ በባሕሩ በመበላቱ እንጂ ግንቡ በመድከሙ አልነበረም። የላይኛው ክፍል ተነሥቶ በፕሊመዝ ዳግመኛ ተሠርቶ ዛሬም ይታያል፤ የታችኛው ክፍልም በቋጥኙ ላይ ቆሞ ቀርቷል።

ዛሬ በአገራችን ፋብሪካዎች የሚሠራው ፖዞላና ሲሚንቶም የሚጠነክረው በዚሁ የሲሊካና የኖራ ውሕደት እየተረዳ ነው። እንግዲህ የስሚተን ታሪክ ለተማሪውም ለሠራተኛውም የሚያስተምረው፥ የሰው ሕይወት የሚጠበቅበት ሥራ ሲሰጠው ከጥንት የተባለውን ሁሉ በገዛ እጁ ሳይፈትን እንዳይቀበል ነው።