ከበትሩ እስከ ጦሩ፦ የማሕሌታዊው ያሬድ ሕይወት

ኀምሳ አምስቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ተፈጽመው በትንሣኤ ሌሊት ከበሮው ዳግመኛ ሲመታ፣ ቆሞ ያደረ ምእመን ሁሉ የሚያውቀው አንድ ስሜት አለ። ለሁለት ወር ገደማ የከበሮና የጸናጽል ድምፅ ርቆ ቆይቷል። ካህናቱ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ቀስ ብለው እየተወዛወዙ፣ ጾመ ድጓውን ሲያዜሙ ሰንብተዋል። ከዚያ በኋላ በዚያች ሌሊት ሽብሸባው፣ ጭብጨባውና እልልታው ባንድነት ሲነሣ፣ በእናቱ ጉያ ያንቀላፋው ሕፃን ሳይቀር ይነቃል። ይህን ዝምታና ይህን ደስታ በየወቅቱ ለይቶ፣ በሥርዓት ያኖረልን ማን እንደ ሆነ ቢጠየቅ ቅዱስ ያሬድ ብሎ የማይመልስ ክርስቲያናዊ ቤት አይገኝም። ስሙን ሁላችን እናውቃለን። ሕይወቱን ግን በልጅነታችን ከሰማነው ከትሉና ከዛፉ ታሪክ አሳልፈን ስናስብ እምብዛም አንታይም። እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ እያልን፣ ልደቱም ሚያዝያ 5 ቀን እንደ ነበረ ይነገራልና፣ በዛሬው የበዓል ዓምዳችን ገድሉና ስንክሳሩ፣ እንዲሁም የሊቃውንቱ ትውፊት ያቆዩልንን ይዘን ሰውየውን ጥቂት ቀረብ ብለን ልናየው ወደድን።

ያሬድ በ505 ዓ.ም. በአክሱም እንደ ተወለደ ትውፊቱ ይናገራል። አባቱ ገና በሕፃንነቱ ሞተበት። በዚያ ዘመን ቤት ውስጥ የአባት መታጣት ምን ማለት እንደ ሆነ ለአንባብያን ማስረዳት አያሻም። እናቱ ለብቻዋ ልታሳድገው ስላልቻለች በአክሱም ጽዮን መጻሕፍትን ያስተምር ለነበረው ለወንድሟ ለአባ ጌዴዎን ሰጠችው። እንግዲህ ያሬድ አጎቱ ቤት ሲገባ አንድም የሙት ልጅ፣ አንድም የመምህሩ ዘመድ ነበር። የዘመድ ልጅ በጉባኤው ፊት ሲሰንፍ ኀፍረቱ ለመምህሩ ጭምር ነውና፣ በትሩ ከሌሎቹ ልጆች ይልቅ በእርሱ ላይ ይበረታል።

ልጁም ሰነፈ። ትምህርቱ አልገባው አለ። ባልንጀሮቹ መዝሙረ ዳዊቱን ሲያደርሱ እርሱ ወደ ኋላ ቀረ፤ ሳቁበት፤ አጎቱም ገረፈው። ይህን ስንጽፍ እኛም በልጅነታችን በገጠር በቆሎ ተማሪነት ያሳለፍነው ዘመን ትዝ ይለናል። የአንድ መምህራችን አለንጋ ከንባቡ ቀድሞ ይታወሰናል፤ ከዚያ አለንጋ ሸሽቶ ሳይመለስ የቀረ፣ ምናልባት ከሁላችን የተሻለ ድምፅ የነበረው አንድ ልጅም እናስታውሳለን። ሰባኪዎቻችን የያሬድን ታሪክ ለሰነፍ ተማሪ ምክር አድርገው ሲናገሩት የበትሩን ነገር በፍጥነት ማለፋቸው ለዚህ ነው ደስ የማይለን። ያሬድ ትሉን ያየው በሽሽት ላይ ሳለ ነው። ልጁ ተስፋ ቆርጦ ከአክሱም ወጥቶ ሄዷል። መንገድ ላይ ደክሞት ከአንድ ዛፍ ሥር ዐረፈ። በዛፉ ላይ አንዲት ትል ፍሬውን ለመብላት ስትወጣ፣ ስትወድቅ፣ ደግማ ስትወጣ፣ ደግማ ስትወድቅ አየ። በመጨረሻ ደረሰች።

ከዚህ በኋላ ያደረገውን ልብ እንበል። ወደ እናቱ ቤት መሄድ ይችል ነበር። ተመልሶ የሄደው ግን ወደገረፈው ሰው ነው። ይቅርታ ጠየቀ፤ እንደ ወደደ አድርጎ እንዲያስተምረው ራሱን አሳልፎ ሰጠ። አባ ጌዴዎንም ተቀበለው። ልጁ በእንባ ከጸለየ በኋላ አእምሮው ተከፍቶለት ብሉያትንና ሐዲሳትን በአጭር ጊዜ እንዳወቀ፣ ዲቁናም እንደ ተሾመ ስንክሳሩ ይተርካል። አጎቱ ሲሞት ያ የተገረፈበት መንበር ለእርሱ ተሰጠ፤ ገና የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበር ይባላል። በእጁ የገባውን በትር እንዴት እንደ ተጠቀመበት መጻሕፍቱ አይነግሩንም።

ዜማው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እስከዚያ ዘመን ድረስ ጸሎቱ ድምፅን ከፍ ሳያደርጉ፣ በንባብ ይደርስ እንደ ነበር ይነገራል። እግዚአብሔር በሦስት አዕዋፍ አምሳል መላእክትን ልኮ ሰማያዊውን ማሕሌት እንዳሰማው፣ እርሱም በሦስት ሰዓት ወደ አክሱም ጽዮን ገብቶ፣ ፊቱን ወደ ታቦቷ መልሶ፣ አርያም የተባለውን ዜማ እንዳሰማ ገድሉ ይገልጻል። ንጉሡ፣ ጳጳሱ፣ መኳንንቱና ሕዝቡ ሥራቸውን ትተው ሮጠው መጡ፤ ሲሰሙትም ዋሉ። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ሦስቱ ዜማዎች የእርሱ ናቸው። ግዕዙ ጽኑና ደረቅ ነው፣ ዕዝሉ ለስላሳ ነው፣ አራራዩ ልብን የሚያባባ ነው። ሊቃውንቱ ሦስቱን በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ይመስሏቸዋል።

መጻሕፍቱም አምስት ናቸው። ድጓው ዓመቱን በክፍል ከፍሎ ከዘመነ ዮሐንስ እስከ ፋሲካ ያደርሰናል። ጾመ ድጓው የጾሙ፣ ምዕራፉ የዘወትሩ፣ ዝማሬው ከቅዱስ ቁርባን በኋላ የሚዜመው ነው። መዋሥዕቱ ሙታን የሚሸኙበት ነው። ዝማሬና መዋሥዕቱን የደረሰው ከዐፄ ገብረ መስቀልና ከአቡነ አረጋዊ ጋር ጋይንት ውስጥ በዙር አምባ ሳለ ነው የሚል ትውፊት አለ፤ ዙር አምባም የእነዚህ የሁለቱ ማስመስከሪያ ሆና ዘመናትን ዘልቃለች። እኛ በግላችን ከአምስቱ የመዋሥዕቱ ነገር ይደንቀናል። አባቱን ገና ልቡና ሳያገኝ የቀበረ ልጅ፣ አድጎ የአገሩን ሰዎች ሁሉ ወደ መቃብር የሚሸኝ ዜማ ሠራ። ሁለቱን ነገር ገድሉ አያገናኛቸውም፤ የምናገናኘው እኛ ነን።

አሁን ወደ ጦሩ እንመጣለን። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ተሥሎ ያላየው የለም። ያሬድ ጸናጽልና መቋሚያ ይዞ ቆሟል፤ ንጉሡ ዐፄ ገብረ መስቀል በፊቱ ነው፤ የንጉሡ ጦር የያሬድን እግር ወግቶ ደሙ ይፈሳል። ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የተደገፈበት ጦር የት እንዳረፈ አላወቀም። የሚያዜመውም አልተሰማውም። ያወቁት ማሕሌቱ ሲያልቅ ነው።

ሥዕሉ እዚህ ላይ ይቆማል፤ ለእኛ ግን ዋናው ነገር የሚጀምረው ከዚህ ነው። ንጉሡ ደንግጦ ጦሩን ነቀለ፤ ስለ ፈሰሰው ደም የፈለገውን ሁሉ እንዲጠይቀው ነገረው። ሀብትና ሹመት ቢጠይቅ ይሰጠው ነበር። ያሬድ አስቀድሞ ንጉሡን እንዳይከለክለው አስማለው፤ ከዚያም ወደ ምድረ በዳ ሄዶ በምናኔ እንዲኖር እንዲያሰናብተው ለመነ። ንጉሡና መኳንንቱ አዘኑ፤ አለቀሱም። ሊከለክለው ፈልጎ ነበር፤ መሐላውን ግን ፈራ።

እንግዲህ ይህ ሰው ያለ መሐላ ከቤተ መንግሥቱ መውጣት እንደማይችል ያውቅ ነበር ማለት ነው። ንጉሡ እጅግ ይወደዋል፤ መወደዱ ግን እስራት ሆኖበታል። ያች ቁስል በሩን ከፈተችለት። ዜማው ለንጉሥ ጆሮ የተሰጠ እንዳልሆነ ያመነ ይመስለናል። ከመሄዱ በፊት ወደ ታቦተ ጽዮን ቀርቦ አንቀጸ ብርሃን የተባለውን የእመቤታችንን ምስጋና አደረሰ፤ ሲያደርስም ከምድር አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ታየ ይላል ትውፊቱ። ሕዝቡ እያለቀሰ ሸኘው። ወደ ሰሜን ተራሮች ሄዶ፣ በዚያ በጾምና በጸሎት ተወስኖ፣ እያስተማረም ኖረ። በ571 ዓ.ም. ግንቦት 11 ቀን ዕረፍቱ እንደ ሆነ ይታመናል። መቃብሩ ግን ይህ ነው ተብሎ አይታወቅም፤ ሊቃውንቱ ተሰወረ ይላሉ።

ያሬድ ሲሄድ ድምፁን የሚያኖርበት ምልክት በብራና ላይ አልነበረም። ዜማው ከመምህር ጉሮሮ ወደ ተማሪ ጉሮሮ እየተላለፈ ሺሕ ዓመት ያህል ኖረ። በየዘመኑ የተነሡ ሊቃውንትም ጨመሩበት፤ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ በድጓው ሥርዓት ላይ የደከመ መሆኑ ይነገርለታል፤ እርሱም በልጅነቱ ትምህርት ያልገባው ተማሪ ነበር ይባላል። ስለዚህ ዛሬ በእጃችን ያለው ድጓ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከአንድ ሰው እጅ ብቻ የወጣ አይደለም። ይህን መናገር ቅዱሱን አያሳንሰውም።

ከ1521 እስከ 1535 ዓ.ም. በተደረገው የግራኝ አሕመድ ጦርነት አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ መጻሕፍት ጠፉ፤ መምህራን ሞቱ፣ ተበተኑም። አንድ መምህር ሲሞት ከእርሱ ጋር ስንት ዜማ እንደሚቀበር ያን ጊዜ ታወቀ። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ከ1532 እስከ 1551 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት በንባቡ አናት ላይ የሚጻፉትን የዜማ ምልክቶች እንደ ሠሩ ትውፊቱ ያስረዳል፤ የብራና መጻሕፍቱም ምልክቱ የተጀመረው በዚያው ምዕት ዓመት ገደማ መሆኑን ያሳያሉ።

ምልክቶቹን መምህራን በክርስቶስ ሕማም ይተረጉሟቸዋል። ይዘት መያዙን፣ ርክርክ የደሙን መንጠብጠብ፣ ጭረት የግርፋቱን ሰንበር ያመለክታል። ደበሎ የለበሰ፣ አኩፋዳ ያነገተ፣ ቀን ቁራሽ ለምኖ ማታ በመምህሩ እግር ሥር የሚቀመጥ ልጅ እነዚህን አንድ በአንድ በጣቱ እየተከተለ ይማራል። ዓመታት ይወስድበታል። ጋይንት በምትገኘው በድጓው ማስመስከሪያ በቤተ ልሔም የሚመሰክር ተማሪ ብራናውን ዳምጦ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ ድጓውን ከነምልክቱ በገዛ እጁ መጻፍ ልማዱ ነው። ከዚያም መምህሩ ይሰሙታል፤ የሳተ እንደ ሆነም መልሰው ከመጀመሪያው ያስጀምሩታል።